«አስባለሁ፣ ግን ጠብ አይልም» ለምትሉ፦ የቀና ሐሳብ ደብተር አሠራር

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ ብቀመጥ፣ የአዘዞ ታክሲ ውስጥ ብገባ፣ አንድ የማውቀው ሰው ጠጋ ይልና «ያ የስበት ሕግ የሚሉት ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ለምን እምቢ ይላል?» ይለኛል። ቪዲዮውን አይቷል። ጠዋት ጠዋት «ሀብታም ነኝ» እያለ ይደጋግማል። የቤትና የመኪና ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ ከዚህ አሠራር ምን እንደምትጠብቁ እንስማማ። የስበት ሕግ የሚባለው «ደጋግመው ያሰቡት ነገር ወደ ሰው ይመጣል» የሚል እምነት ነው። ሐሳብ ብቻውን፣ እጅና እግር ሳይጨመርበት፣ ገንዘብ ወይም ሥራ ከሩቅ ጎትቶ እንደሚያመጣ በሙከራ የተረጋገጠ ነገር የለም። ሐሳብ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ዓይንን ይመራል። ቤት መከራየት ስትፈልጉ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በየመብራት እንጨቱ ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት ማየት ትጀምራላችሁ። ወረቀቱ ትናንትም ነበረ። ትናንት ግን አልፈለጋችሁትም፤ ስለዚህ አላያችሁትም። ከታች ያለው አሠራር ይህንኑ አውቆ መጠቀም ነው።

ለምሳሌ እንዲመቸን አንዲት አዘዞ የምትኖር ልጅ እናስብ። ቤቷ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ መሸጥ ትፈልጋለች። ደረጃ በደረጃ እሷን እየተከተልን እንሄዳለን። የእናንተ ጉዳይ ትምህርት፣ ሥራ ፍለጋ ወይም ባጃጅ መግዛት ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ውድ አጀንዳ አትግዙ። ያማረ አጀንዳ የገዛ ሰው «እንዳይበላሽ» እያለ ሳይጽፍበት ይቀራል።
- እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ለመጻፍ የከፈታችሁት ስልክ ቲክቶክ ላይ ያደርሳችኋል።
- በዓላቱ ያሉበት የቀን መቁጠሪያ።
- ሁለት አላርም፤ አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለማታ።
- ሻማ ወይም የእጅ ባትሪ። ማታ መብራት ሲጠፋ ሰበብ እንዳይሆን።
- ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት።
- አንድ ሰው። የሚያሞካሽ ሳይሆን «እሺ፣ የት ደረስሽ?» ብሎ የሚጠይቅ።

አሠራሩ

1. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ በቁጥርና በቀን ጻፉት

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጻፋል። «ሕይወቴ እንዲለወጥ» አይሆንም። «ሀብታም መሆን»ም አይሆንም። የልጅቷ መስመር እንዲህ ይላል፦ «እስከ ጥር 10 ድረስ በወር 20 ኪሎ በርበሬ የሚወስዱ ደንበኞች ይኖሩኛል።»

ቀኑን ከተራ ላይ ያደረገችው ዝም ብላ አይደለም። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር በእንግዳ ይሞላል። በየቤቱ ድስት ይጣዳል፤ በርበሬ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሰሞን ነው። እናንተም ቀናችሁን ከአንድ እውነተኛ ነገር ጋር እሰሩት፦ ከፈተና፣ ከምዝገባ፣ ከበዓል፣ ከቤት ኪራይ ውል። ከምንም ጋር ያልታሰረ ቀን ሲደርስ በቀላሉ ይገፋል።

ለምን በቁጥር? ዓይናችሁ ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ አያየውም። ቁጥር ከሌለ ደግሞ መድረሳችሁንም አታውቁም። ሌላ ምኞት ካላችሁ የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ አስቀምጡት፤ ተራውን ይጠብቅ።

ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። የጻፋችሁት ነገር በእናንተ እጅ ነው? «እገሌ እንዲያገባኝ» የሌላ ሰው ፈቃድ ነው። «ሎተሪ እንዲደርሰኝ» የዕጣ ጉዳይ ነው። እነዚህ ለዚህ ደብተር አይሆኑም። «በዚህ ወር አምስት ቦታ የሥራ ማመልከቻ አስገባለሁ» ግን ይሆናል፤ መቀጠሩ የአሠሪው ቢሆንም ማስገባቱ የእናንተ ነው።

2. ቢሳካ ምን እንደሚለወጥ ጻፉ

አራት አምስት መስመር ይበቃል። «የራሴ ገንዘብ ይኖረኛል» ከማለት «የታናሽ እህቴን የትምህርት ቤት ወጪ እኔ እሸፍናለሁ» ማለት ይሻላል። የሚታይ ነገር ነውና ስትደክሙ ያነሣችኋል። ይህ ደስ የሚለው ክፍል ስለሆነ ሰው እዚህ ላይ ጋደም ማለት ይወዳል። አትቆዩበት። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

3. ዓይናችሁን ጨፍኑና ራሳችሁን ሥራው ላይ እዩ

«ሥራው ላይ» ነው ያልኩት፤ ሽልማቱ ላይ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ነው። መኪናውን ሲነዳ ያያል፤ ቤቱን ሲመርቅ ያያል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተሠራ ጥናት አለ። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ቡድን ጥሩ ውጤት አግኝቶ ሲደሰት በየቀኑ እንዲያስብ ተደረገ። ሌላው ቁጭ ብሎ ሲያጠና እንዲያስብ ተደረገ። በደንብ ያጠኑትና የተሻለ ውጤት ያመጡት ሲያጠኑ ራሳቸውን ያዩት ናቸው። ማራኪ ግቢ ያላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ይቺን ያዙልኝ።

አሠራሩ ይህ ነው። ጠዋት ፊታችሁን ታጠቡ። ተቀመጡ፤ ጋደም አትበሉ፣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ለሦስት ደቂቃ ያህል የዛሬውን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይነ ሕሊናችሁ ሥሩት።

ልጅቷ እንዲህ ታያለች። ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ዛላ በርበሬ ስትመርጥ። አንዱን አንስታ ትሰብረዋለች፤ ደረቁ ቀጭ ይላል፣ እርጥቡ ይተጣጠፋል። ደረቁን ታስመዝናለች። ቤት ገብታ ስትቀነጥስ፣ አቧራው አፍንጫዋ ገብቶ ስታስነጥስ። ስታጥብ፣ ስታሰጣ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ስትደቁስ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትይዝ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ እየመዘነች...

በምን ሚዛን? ሥዕሉ እዚህ ላይ ተቋረጠ፤ ሚዛን የላትም።

እንግዲህ የዚህ ደረጃ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ሥዕሉ የሚቋረጥበት ቦታ የጎደላችሁ ነገር ያለበት ቦታ ነው። ወዲያው ዓይናችሁን ግለጡና ጻፉት፦ «ሚዛን የሚያውሰኝ ሰው መፈለግ።» ሽልማቱን ብቻ የሚያስብ ሰው ሥዕሉ መቼም አይቋረጥበትም። የጎደለውንም አያውቅም።

4. እንቅፋቱን በስሙ ጻፉት

«ክፉ ነገር አታንሡ፣ ትስቡታላችሁ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ከሆነ ለጊዜው አስቀምጡት። እዚህ የምናደርገው የዚያን ተቃራኒ ነው።

ጋብሪኤሌ ኧቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ ሴቶችን ያጠናችበት ሥራ አላት። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት የበለጠ ቀነሱ። ቀጥነው አምረው፣ ሁሉም ያለ ችግር ሲሄድላቸው በምናብ ሲያዩ የከረሙት ግን የቀነሱት ያነሰ ነበር። ልዩነቱን ልብ በሉ። ተስፋው አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው እንቅፋት የሌለበት የቀን ሕልም ነው። ሰው በሐሳቡ ከደረሰ፣ ለመድረስ የሚነሣበት ጉልበት ይቀንሳል። ደረጃ 2 ላይ አትቆዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ኧቲንገን በኋላ ያዘጋጀችው ዘዴም ይኸው ነው፦ ምኞት፣ ውጤት፣ እንቅፋት፣ ዕቅድ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ይህ መመሪያ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

አንድ ገጽ በሦስት ክፈሉ።

ከውስጤ፦ ስንፍና፣ ፍርሃት፣ ስልክ፣ ይሉኝታ። የልጅቷ ገጽ ላይ ትልቁ ይሉኝታ ነው። «ጎረቤቴን እንዴት ገንዘብ እጠይቃለሁ? በዱቤ ቢወስዱብኝስ?» ብላ ጽፋለች። ብዙ የቤት ውስጥ ንግድ የሚሞተው በዚህ ነው እንጂ በካፒታል ማነስ አይመስለኝም።

ከውጭ፣ ግን ልዘጋጅበት የምችለው፦ ክረምት ላይ በርበሬ አይደርቅም። መብራት ይጠፋና ወፍጮ ቤቱ ይቆማል። የዛላ ዋጋ ይጨምራል።

ከአቅሜ በላይ፦ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል። እነዚህን ጻፏቸውና ክብ አድርጉባቸው። ሲመጡ ጥፋቱ የእናንተ ሐሳብ አለመሆኑን እንድታስታውሱ ነው።

የውስጡን ስትጽፉ አትሸፋፍኑ። ደብተሩን ማንም አያየውም። «ጊዜ የለኝም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፦ ጊዜው የት ሄደ?

5. ለእያንዳንዱ እንቅፋት «...ከሆነ፣ ያኔ...» ብላችሁ ዕቅድ ጻፉ

ይህ ከሁሉም ደረጃ ጠቃሚው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘልሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ያሳተመው የእ.ኤ.አ. 1997 ጥናት አለ። ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ገሚሶቹ መቼና የት ሆነው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ፤ ገሚሶቹ አልተደረገም። የወሰኑት አብዛኞቹ ላኩ። ካልወሰኑት አብዛኞቹ አልላኩም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ችግሩ ሲመጣ «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ ማሰብ ጉልበት ይፈጃል፣ ያኔ ደግሞ ጉልበት የለም። መልሱ አስቀድሞ ከተጻፈ ግን እጅ በራሱ ይሄዳል።

የልጅቷ ገጽ ይህን ይመስላል፦

«ወፍጮ ቤት መብራት ከጠፋ፣ ያኔ የታሸገውን ሽሮ ይዤ ሁለት ቤት አንኳኳለሁ።»

«ሰማዩ ከደመነ፣ ያኔ በርበሬ አላሰጣም፤ የሽሮውን ሽንብራ እለቅማለሁ።»

«ጎረቤቴ ‹ነገ እከፍልሻለሁ› ካሉኝ፣ ያኔ ‹እሺ እትዬ፣ ለነገ አስቀምጥልዎታለሁ› እላለሁ።»

«ጠዋት ስንፍና ከያዘኝ፣ ያኔ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እቀነጥሳለሁ።»

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። እምቢ አላለችም፣ አላስቀየመችም፣ ዱቤም አልሰጠችም። ይሉኝታ የሚያሸንፈን ድንገት ሲመጣብን ነው፤ የምትሉትን ቃል ቤት ሳላችሁ ካዘጋጃችሁት አፋችሁ አይተሳሰርም።

ሁለት ደንቦች አሉ። «ከሆነ» ያለው ክፍል በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ነገር ይሁን። «ያኔ» ያለው ደግሞ አንድ ድርጊት ይሁን። «ከደበረኝ፣ ያኔ ቀና አስባለሁ» ዕቅድ አይደለም። «ከምሳ በኋላ ስልኬን ካነሣሁ፣ ያኔ ሌላ ክፍል አስቀምጬው እመለሳለሁ» ዕቅድ ነው።

ከአራት እስከ ስድስት ዕቅድ ይበቃል። ሃያ ከጻፋችሁ አንዱንም አታስታውሱትም።

6. ለራሳችሁ የምትሉትን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉ

«ሀብታም ነኝ፣ ሀብታም ነኝ» እያሉ መደጋገም ለሁሉም ሰው አይበጅም። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ደጋግመው ሲሉ ካላሉት ይልቅ ስሜታቸው ወረደ። የማያምኑትን ነገር አፋቸው ሲናገር ውስጣቸው ይከራከራል፤ ክርክሩን የሚያሸንፈውም ውስጣቸው ነው።

መፈተኛው ይኸውላችሁ። ዓረፍተ ነገሩን ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። ውስጣችሁ «ወግድ!» ካለ ቀንሱት። እስኪያምነው ድረስ ቀንሱት። «ሀብታም ነኝ» የነበረው «ዛሬ ሁለት ቤት ማንኳኳት እችላለሁ» ይሆናል። «እንግሊዝኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ» የነበረው «በየቀኑ አሥር ቃል እየጨመርኩ ነው» ይሆናል። ባጃጅ መግዛት የሚፈልገው ሹፌር «የራሴ ባጃጅ አለኝ» ከሚል «ከዕለት ገቢዬ ላይ ቀንሼ ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ» ቢል ይሻለዋል፤ በእርግጥ ከጀመረ።

7. በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አድርጉ

እስከ ደረጃ 6 ያለው ሁሉ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ አንድ ነገር አድርጉ፤ ሐፍረት እስኪሰማችሁ ድረስ ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም።

ልጅቷ ከቤት ካለው በርበሬ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል በላስቲክ ቋጥራ ጎረቤቷን አንኳኳች።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? በርበሬ ማዘጋጀት ልጀምር ነው። ትንሽ ይዤልዎት መጣሁ፤ ወጥ ይሥሩበትና የጎደለውን ይንገሩኝ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! የሚፋጅ ነው ወይስ ለዘብ ያለ? ልጆቹ የሚፋጅ አይበሉልኝም።»

ገንዘብ አልጠየቀችም። ስለዚህ ይሉኝታው አልያዛትም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይዛ ተመለሰች፤ ልጆች ያሉበት ቤት ለዘብ ያለ በርበሬ ይፈልጋል። ቤቷ ቁጭ ብላ ዓመት ብታስብ ይህን አታገኘውም ነበር። «ሳብኩት» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ በር ተንኳኩቶ።

8. ማታ ሦስት መስመር ጻፉ

አንደኛው መስመር ዛሬ የተሠራው ነው። ሁለተኛው የምታመሰግኑበት ነገር። ሦስተኛው ዛሬ ያያችሁት ዕድል፤ ባትጠቀሙበትም እንኳ።

«ተመስገን» ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እንለዋለን። ደብተሩ ላይ ግን ለምኑ እንደሆነ ይጻፍ። «ስለ ጤናዬ» ብላችሁ በየቀኑ ብትጽፉ በሳምንቱ ቃሉ ይደርቃል። «ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ያሉት አዛውንት ቅድሚያ ሰጡኝ» ግን ሕይወት አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ሰዎች ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ፣ የሚያመሰግኑባቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ። ያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው።

ሦስተኛው መስመር የእኔ ጭማሪ ነው። ዓይናችሁን ያሠለጥናል። «አራዳ ገበያ አጠገብ አዲስ ምግብ ቤት እየተከፈተ ነው» ብላ ልጅቷ ብትጽፍ፣ ነገ ጠዋት ደረጃ 3 ላይ ስትቀመጥ ሥዕሏ ውስጥ ያ ምግብ ቤት ይገባል።

9. በሳምንት አንዴ ቁጠሩ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወይም ዐርብ ለሚመቻችሁ ዐርብ። ከዚያ ከመረጣችሁት ሰው ጋር ቡና ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ቁጥሩ የት ደረሰ? የትኛው «ያኔ» ሠራ? የትኛው ይለወጥ? ያልሠራ ዕቅድ ካለ ሰረዙን አስምሩበትና ሌላ ጻፉ። ራሳችሁን አትስደቡ፤ ዕቅዱን ለውጡ። ሳምንታዊ ቆጠራ የሌለው ደብተር በሁለተኛው ወር የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ

- ቤቲንግ ቤት ይዛችሁት አትግቡ። ኳሱ ሐሳባችሁን አይሰማም። «ዛሬ ይበላል ብዬ አምኜ ነበር» የሚል ወጣት በየሰፈሩ አለ። እምነቱ ዕድሉን አልጨመረለትም፤ ያስያዘውን ብር ነው የጨመረው።
- «ይመጣል» ብላችሁ አትበደሩ። ያልያዛችሁትን ገቢ ተማምናችሁ ትልቅ ዕቁብም አትግቡ።
- «ሐሳብህን ቀይር፣ ሀብት ይከተልሃል» ብሎ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከዚያም ሌላ ሰው አምጣ የሚል ካለ ራቁ። ለዚህ ሥራ ከደብተርና ከእስክሪብቶ በላይ ገንዘብ አይወጣም።
- ይህ ደብተር ሕክምና አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሐዘኑ ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ መኖር ካስጠላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ራስን ስለ መጉዳት የምታስቡ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ለቅርብ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት «ቀና አስባለሁ» ብላችሁ አታቋርጡ። ጸበል የምትጠመቁም መድኃኒቱን ጎን ለጎን ውሰዱ።
- ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህን አታስተምሩ። ልጁን ያጣ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ሥራው የቆመበት ሰው በሐሳቡ ስቦ ያመጣው ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።
- ከሃይማኖታችሁ ጋር ጥያቄ ካለባችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ደብተሩ የሥራ ዕቅድ ነው፤ የጸሎትን ቦታ አይወስድም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በ21 ቀን ልማድ ይሆናል ብሎ መጠበቅ። ለንደን ውስጥ በተሠራ ጥናት አንድ አዲስ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል። ከሰው ሰው ግን ይለያል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ተገምቷል። ስለዚህ በ22ኛው ቀን አላርሙ ሲጮህ ቢያስጠላችሁ ምንም አልተበላሸም።

አንድ ቀን ስለዘለሉ ማቆም። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መፈጠር ያን ያህል አልጎዳም። በማግስቱ ቀጥሉ። ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ አትጻፉ።

ክፉ ሐሳብ በመጣ ቁጥር መደንገጥ። «ብወድቅስ ብዬ አሰብኩ፣ አሁን መውደቄ ነው» የሚሉ አሉ። የስበት ሕግን ከሰሙ በኋላ ጭንቀታቸው የባሰባቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። ሐሳብ መጥቶ ይሄዳል፤ ብቻውን የሚያመጣው ነገር የለም። ከተመላለሰባችሁ ደረጃ 4 ላይ እንደ እንቅፋት ጻፉትና «ያኔ» አበጁለት። ፍርሃት ዕቅድ ሲኖረው ረጋ ይላል።

ለሁሉ ማውራት፣ ወይም ለማንም አለማውራት። ለሁሉ ያወራ ሰው ሳይሠራ «ጎበዝ!» ይባልና ይረካል። ሌላው ደግሞ «ዓይን ይበላኛል» ብሎ ለጎረቤት እንኳ አይናገርም። ኧረ ካልተናገራችሁ ማን ይገዛችኋል? ግቡን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ዕቃውን ለሁሉም።

ደብተሩን ማስዋብ። ባለ ቀለም እስክሪብቶ፣ ከመጽሔት የተቀደደ ፎቶ፣ ኮከብ። አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ሥራ የሠራችሁ ይመስላችኋል። ፎቶ መለጠፍ ከፈለጋችሁ የሚዛኑን ፎቶ ለጥፉ።

ግብ መቀያየር። ቀኑ ሳይደርስ «ባልትናው ይቅርና ሽቶ ልሽጥ» ማለት። ግቡን የምትቀይሩት በሳምንታዊው ቆጠራ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ሁለት ተከታታይ ሳምንት ካሰባችሁበት በኋላ።

ቀኑ ሲደርስ

ቁጥሩ ከሞላ ከገጹ ሥር ቀኑን ጻፉና የትኛው «ያኔ» እንዳደረሳችሁ አስምሩበት፤ ለሚቀጥለው ግብ ይሠራል። ካልሞላ ገጹን አትቅደዱት። ልጅቷ ጥር 10 ላይ 12 ኪሎ ደርሳ ከሆነ፣ አዲስ ገጽ ከ12 ነው የሚጀምረው። ከደረጃ 4 ጀምራ እንደገና ትሠራዋለች፤ ደረጃ 1ን የምትነካው ቁጥሩንና ቀኑን ለማስተካከል ብቻ ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሽሮ በየቤቱ ይበልጥ ስለሚፈለግ፣ «በርበሬ» ያለውን ሰርዛ «ሽሮ» ልትጽፍ ትችላለች። ሽንብራውን ጾሙ ሳይገባ ብትገዛ ይሻላታል።